የማዳበሪያ ድጎማ ምንድን ነው?

በጎንደር ገጠር ማዳበሪያ የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይጠራበታል። አንዱ ማሳ ላይ የሚበተነው ነው፤ ሌላው እርሱ ካለቀ በኋላ የሚቀረው ከረጢት ነው። ጤፍ ይሞላበታል፤ ክረምት ሲገባ እረኛው ከዝናብ ይከለልበታል። ገበሬው የማያየው ሦስተኛ ነገርም አለ። ከረጢቱን ሲገዛ ከዋጋው ከፊሉን አስቀድሞ መንግሥት ከፍሎለታል። ድጎማ የሚባለው ይህ ክፍያ ነው።

ከዱቤ ጋር መምታታት የለበትም። ዱቤ ምርት ሲገባ ይመለሳል፤ ድጎማ አይመለስም።

አገራችን ሁለቱን ዋና የማዳበሪያ ዓይነቶች፣ ዩሪያውንም ኤንፒኤሱንም፣ የምትገዛው ከውጭ ነው፣ በዶላር። ጭነቱ በጅቡቲ ወደብ ይገባና በዩኒየኖች፣ ማለትም በማኅበራቱ ኅብረቶች፣ በኩል ወደ መሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት መጋዘን ይደርሳል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ገደማ ድጎማው ተነሥቶ ነበር። በ2014 ዓ.ም. የዩክሬን ጦርነት የዓለም ገበያን ሲያንር ግን መንግሥት 15 ቢሊዮን ብር መደበ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ማዳበሪያው ያው ማዳበሪያ ሆኖ በብር የሚያስወጣው ዋጋ በእጥፍ ሊጠጋ ደረሰ ማለት ነው።

ሌላ ዓይነት ድጎማም አለ። በአሜሪካ ገንዘቡ የሚሄደው በቀጥታ ወደ ገበሬው ሂሳብ ነው፤ እንደ እኛ ወረዳ ባለው ካውንቲ ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ ይከፈለዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ሕግ ለስንዴ የተቀመጠው መነሻ ዋጋ በቡሼል፣ ማለትም በ27 ኪሎ ገደማ፣ 5 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። የዓመቱ አማካይ የገበያ ዋጋ ከዚያ ከወረደ ልዩነቱ በመዝገብ ባለው ምርታማነትና በመዝገብ ካለው መሬት 85 በመቶ ተባዝቶ ይሰጣል። መሬቱ የሚታሰበው ቀደም ብሎ በተመዘገበው ልክ ነው፤ ዘንድሮ ስንዴ ባይዘራበትም ክፍያው አይቀርም። የሚደርሰው ግን ከአጨዳ በኋላ አንድ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው።

የእኛው ይህን ያህል መቆየት አይችልም። በደምቢያ ሜዳ ያለው ጥቁር ዋልካ ዝናብ ሲጠግብ እግር ይይዛል፤ በሬም አይገባበትም። ጤፍ የሚዘራው በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። ኤንፒኤሱ ከዘር ጋር መግባት አለበት። ከዩሪያው ከፊሉ ቡቃያው ከተያዘ በኋላ ይበተናል፤ ከባድ ዝናብ ካገኘው ግን ታጥቦ ይሄዳል። ስለዚህ ከዘር በኋላ መጋዘን የገባ ከረጢት፣ መንግሥት የቱንም ያህል ቢከፍልበት፣ ለዚያ ዓመት ጤፍ አልደረሰም። ቆይቶ የመጣን የተደጎመ ማዳበሪያ ለገበሬው እንደተሰጠ ድጎማ መቁጠር ስህተት ይመስለኛል። ገንዘቡ ወጥቷል፤ ለማሳው ግን ምንም አላደረገም።

ድጎማው የሚከተለው ከረጢቱን እንጂ ችግረኛውን አይደለም። ለዓመታት ሲመከር የኖረው ለአንድ ሄክታር አንድ ኩንታል ዳፕ (ከኤንፒኤስ በፊት ይመጣ የነበረው ማዳበሪያ) ወይም ኤንፒኤስ፣ አንድ ኩንታል ደግሞ ዩሪያ ነው። የጎንደሩ ቃዳ የሄክታር ሩብ ነው። እንግዲህ ሁለት ቃዳ ያላት ሴት ባለ 50 ኪሎውን ከረጢት ሁለት ትወስዳለች፤ ስምንት ቃዳ ያለው ጎረቤቷ ስምንት። መንግሥት በአንድ ከረጢት 500 ብር ደጎመ ብንል ለእርሷ 1,000 ብር፣ ለእርሱ 4,000 ብር ደረሰ። ከረጢቱን የምትገዛበት ጥሬ ገንዘብ ያጣችው ደግሞ ምንም አልደረሳትም። የአሜሪካውም ክፍያ መሬትን ተከትሎ ስለሚሄድ ሰፊ እርሻ ላለው ይበዛል።

ገበሬው ይህን ሁሉ ቢያውቀው እወዳለሁ፤ የሕዝብ ገንዘብ ነውና። መጋዘኑ በር ላይ በሚቀበለው ደረሰኝ ሁለት መስመር ቢጻፍለት ይበቃል፤ ከረጢቱ ስንት እንዳስወጣ፣ እርሱ ስንት እንደከፈለ።