50 ሊትር ባሕር በቤት ውስጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

60 ሊትር በሚይዝ የመስታወት ገንዳ ውስጥ ድንጋዩና አሸዋው ቦታቸውን ከያዙ በኋላ የሚተርፈው ውሃ 50 ሊትር ግድም ነው። ኮራሉም (ድንጋይ መሰል አጽም የሚሠራው የባሕር እንስሳ) ዓሣውም የሚኖሩት በዚያችው ውሃ ነው። ለጀማሪ ከሚነገሩት ምክሮች ብዙዎቹ ይህን መጠን ይዘነጋሉ። አንዳንዶቹ ገንዘብ ያስወጣሉ፤ መጨረሻ ላይ የምናነሳው ግን የቤተሰብ ጤና ላይ ይደርሳል።

«ትንሽ ገንዳ ለጀማሪ ይቀላል»

ለኪስ ይቀላል፣ ለመጠበቅ ይከብዳል። ክዳን የሌለው ገንዳ በቀን 1 ሊትር ያህል ሊተንበት ይችላል። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨው እዚያው ይቀራል። በ4 ቀን 4 ሊትር ከጎደለ፣ በ1 ኪሎ ውሃ 35 ግራም የነበረው ጨዋማነት ወደ 38 ይወጣል። ከ500 ሊትር ገንዳ ያው 4 ሊትር ቢጎድል ግን 35.3 ላይ ይቆማል። ዓሣ ይህን ይችለው ይሆናል፤ ኮራል ግን ተኮማትሮ ይዘጋል።

የባሕር ገንዳ ስለሆነ የጎደለውን በጨው ውሃ የሚሞሉም አሉ። ይህ ጥፋቱን ያፋጥነዋል፦ በቀን 1 ሊትር የጨው ውሃ ማለት በሳምንት 245 ግራም ተጨማሪ ጨው ነው፣ ጨዋማነቱም 40 ሊደርስ ምንም አይቀረው። መስታወቱ ላይ በፕላስተር የውሃውን ከፍታ ምልክት አድርጉና በየጠዋቱ ጨው በሌለው የተጣራ ውሃ እስከ ምልክቱ ሙሉ። የጨው ውሃ የሚገባው በሳምንት አንድ ጊዜ፣ 5 ሊትር አሮጌ ውሃ ቀድታችሁ በምትኩ 5 ሊትር አዲስ ስትጨምሩ ብቻ ነው።

የተጣራ ስንል በሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያ (ውሃን በግፊት በረቂቅ ስስ ሽፋን የሚያሳልፍ) አልፎ፣ በውሃ ውስጥ የሟሟውን ነገር የሚለካው የቲዲኤስ መለኪያ 0 የሚያሳየውን ነው። የቧንቧ ውሃ ለሰው ይጠጣል ማለት ለኮራል ይሆናል ማለት አይደለም። ከቱቦ የሚወጣ መዳብ እኛን በማይጎዳ መጠን እንኳ ሽሪምፕንና ቀንድ አውጣን ይገድላል። የታሸገ የማዕድን ውሃም ማዕድን ስላለበት አይተካውም።

«ጨው ያው ጨው ነው»

በባሕር ውሃ ውስጥ ካለው ጨው 86 በመቶ ያህሉ ሶዲየምና ክሎራይድ ነው፤ ኮራል አጽሙን የሚሠራው ግን ከቀሪው ነው። በ1 ሊትር ውስጥ 410 ሚሊግራም ገደማ ካልሲየምና 1,290 ሚሊግራም ገደማ ማግኒዥየም መኖር አለበት። የባሕር ውሃ ሲደርቅ መጀመሪያ ኖራውና ጂፕሱሙ ይዘቅጣሉ፣ ቀጥሎ የምንበላው ጨው ይረጋል፣ ማግኒዥየምና ፖታሲየም መጨረሻ ላይ በመራራው ፈሳሽ ውስጥ ይቀራሉ። በአፋር ደናክል የጥንት ኮራል ቅሪትና ጨው በአንድ ምድር ላይ መገኘታቸው ያስደንቃል። ሆኖም የአፋርን ጨው፣ አሞሌም ሆነ የተፈጨ፣ በጥብጦ ባሕር መሥራት አይቻልም። ለኮራል ገንዳ ተብሎ የተቀመመ ጨው ግዙ።

አበጣጠሩም ሥርዓት አለው። መጀመሪያ 25 ዲግሪ የሞቀ የተጣራ ውሃ በንጹሕ ባልዲ፣ ከዚያ ፓምፕ እያማሰለው ጨውን ቀስ በቀስ፤ ለ10 ሊትር እንደ ጨው ዓይነቱ ከ360 እስከ 400 ግራም። ውሃውን ጨው ላይ ካፈሰሳችሁ፣ በወፍራሙ ብጥብጥ ውስጥ ካልሲየሙ ከካርቦኔቱ ጋር ተጣብቆ ነጭ ዝቃጭ ይሆናል፤ መልሶም አይሟሟም። ጥቂት ሰዓት ካማሰላችሁ በኋላ ጨዋማነቱን በሪፍራክቶሜትር (ብርሃን በውሃው ውስጥ ሲታጠፍ አይቶ ጨዋማነትን በሚለካ መሣሪያ) ለኩ። ሪፍራክቶሜትሩን ራሱን ደግሞ ጨዋማነቱ 35 በሆነ መመዘኛ ፈሳሽ አስተካክሉት፤ በንጹሕ ውሃ ዜሮ ላይ የተስተካከለ መሣሪያ 35 ላይ ሊስት ይችላል።

«ውሃው ጠርቷል፣ ዓሣ ይግባ»

ከዓሣ ቆሻሻና ከምግብ ትራፊ የሚወጣው መርዛማው አሞኒያ ቀለም የለውም። አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ድንጋዩ ላይ እስኪሰፍሩ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። ለማስጀመር ዓሣ መሠዋት አያስፈልግም፣ ጭካኔም ነው። በ1 ሊትር 2 ሚሊግራም እንዲሆን የአሞኒያ ጠብታ ጨምሩ። ያ መጠን በ24 ሰዓት ውስጥ ጠፍቶ ናይትራይቱም ዜሮ ሲሆን ገንዳው ዝግጁ ነው። ግማሹን ውሃ ቀይሩና አንድ ትንሽ ዓሣ አስገቡ፤ ለሁለተኛው ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቆዩ።

ወደ ሌላው ጽንፍ ሄደው ናይትሬትንና ፎስፌትን ዜሮ ለማድረስ የሚታገሉ ደግሞ ኮራሉን ያስርቡታል። ኮራል እንስሳ ነው፤ በሥጋው ውስጥ የሚኖረው አልጌ ግን እነዚህን ይፈልጋል። ሁለቱም ዜሮ ሲሆኑ ኮራሉ ይገረጣል፣ ዳይኖፍላጀሌት የሚባል ቡናማ ልሃጭም አሸዋውን ይወርሳል። ናይትሬት ከ5 እስከ 10፣ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊግራም በሊትር ይበቃል።

«ክላውንፊሽ ያለ አኒሞን አይኖርም»

ክላውንፊሽ የተባለው ትንሽ ዓሣ በባሕር የሚጠለለው በአኒሞን፣ ማለትም በሚናደፍ ለስላሳ የባሕር እንስሳ፣ ውስጥ ነው፤ በገንዳ ግን ያለ እሱም በደንብ ይኖራል። አኒሞን ግን በአዲስና በትንሽ ገንዳ ቦታ እየለወጠ ሲንቀሳቀስ ፓምፕ ይስበዋል፤ ተቆራርጦም ውሃውን በአንድ ሌሊት ይመርዛል። «ዓሣ እንደ ገንዳው ልክ ያድጋል» የሚለውም ሐሰት ነው። 30 ሴንቲሜትር የሚደርሰው ሰማያዊ ታንግ ለ60 ሊትር የሚሆን ዓሣ አይደለም።

«መብራት ሲጠፋ የሚገድለው ብርዱ ነው»

ቀድሞ የሚገድለው የኦክስጅን እጥረት ነው። ፓምፑ ሲቆም የውሃው ገጽ መናወጡን ያቆማል፣ ከአየር ጋር የነበረው ልውውጥም ይዳከማል። በአዲስ አበባ ከፍታ ነገሩ ይብሳል፦ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ፣ በተመሳሳይ ሙቀት ውሃው ሊይዘው የሚችለው ኦክስጅን ከባሕር ዳር ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከመጀመሪያው ዕቃ ጋር ይገዛ እንጂ ለኋላ አይባል። መብራት እስኪመለስ ምግብ አትስጡ፣ ገንዳውን ከላይ ክፍት ትታችሁ ጎኖቹን በብርድ ልብስ ሸፍኑ። ብርሃን ለአንድ ሁለት ቀን ቢቀር ኮራል አይሞትም።

«አልጌ የያዘውን ድንጋይ ቀቅሎ ማጽዳት ነው»

ይህን ፈጽሞ አታድርጉ። ፓሊቶዋና አንዳንድ ዞአንቲድ የሚባሉ፣ አበባ የሚመስሉ ኮራሎች ፓሊቶክሲን የተባለ እጅግ ኃይለኛ መርዝ አላቸው። ድንጋዩ ሲቀቀል ወይም የፈላ ውሃ ሲፈስበት መርዙ ከእንፋሎቱ ጋር ቤቱን ይሞላል፤ በተለያዩ አገሮች ሰዎች በዚሁ ምክንያት ሆስፒታል ገብተዋል። በደረቁ መፈግፈግም ሆነ በግፊት ውሃ መርጨት ያው አደጋ ነው። ድንጋዩን ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ባልዲ ውስጥ ነክራችሁ፣ ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርጋችሁ፣ አልጌውን ከውሃ ሥር በእጅ ንቀሉ። እነዚህ ኮራሎች ያሉበትን ድንጋይ ግን አትነካኩ። ኮራሎቹን ከነካካችሁ ወይም ቆርጣችሁ ካከፋፈላችሁ በኋላ አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም፣ ትኩሳት፣ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ሁሉም ሰው ከቤት ይውጣ። ወዲያው ወደ ሆስፒታል ሂዱና ለሐኪሙ «ፓሊቶክሲን» የሚለውን ቃል በግልጽ ንገሩት።