ስፖርት እና ዲፕሎማሲ፦ ከጅማ ሲታይ

ስለ ስፖርት ዲፕሎማሲ ሲወራ ቶሎ የሚነሳው ትልልቅ ውድድር ማዘጋጀት ነው። ናዚዎች የ1936ቱን የበርሊን ኦሊምፒክ ገጽታቸውን ሊያሳምሩበት ሞከሩ። ኳታር በ2022 የዓለም ዋንጫን ደገሰች። (ዓ.ም. ካላልኩ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ምሁራኑ ነገሩን “ለስላሳ ኃይል” ይሉታል። በጦር ወይም በብር ሳይሆን ሌላው እንዲወድህና እንዲያከብርህ አድርጎ ማግባባት ነው።

ጅማ እንዲህ ያለ ድግስ ደግሳ አታውቅም። ያበረከተችው ሰው ነው። ይድነቃቸው ተሰማ የተወለዱት ጅማ ውስጥ፣ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዕለት ነው። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫውተዋል። ኢትዮጵያ በ1962 አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 ረታ የአፍሪካ ዋንጫን ስትወስድ አሠልጣኟ እሳቸው ነበሩ። ከ1972 እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1987፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (ካፍን) መርተዋል።

የእሳቸው ዲፕሎማሲ ግን በዋንጫ አይለካም። ካፍ በ1957 ካርቱም ላይ ሲመሠረት አባላቱ አራት ብቻ ነበሩ፦ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም አለች። ከመጀመሪያው ዋንጫ ወጣች። ተጋጣሚዋ ኢትዮጵያ ነበረችና ሳትጫወት ፍጻሜ ገባች፤ እዚያም በግብፅ 4 ለ 0 ተቀጣች! ይድነቃቸው በአፓርታይድ ጉዳይ ለዓመታት ፊፋን ሲሞግቱ ኖሩ። ፊፋ ደቡብ አፍሪካን በ1961 አገደ፣ በ1976 ጭራሽ አባረረ። በ1992 ስትመለስ እሳቸው በሕይወት አልነበሩም።

መቅረትም መሣሪያ ነው። አፍሪካውያን ቀጥተኛ ቦታ ተነፍገው ከ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ራሳቸውን አገለሉ። ለ1970ው አንድ ቦታ ተሰጣቸው። እዚህ ላይ አድማው ሠርቷል። በኦሊምፒክ ግን ሒሳቡን የከፈሉት አትሌቶች ናቸው ባይ ነኝ። ኢትዮጵያ በ1976፣ በ1984 እና በ1988 በአድማ ቀርታለች። ምሩጽ ይፍጠር በ1976ቱ ኦሊምፒክ ሞንትሪያል ላይ ሳይሮጥ ቀረ፤ ሁለቱን ወርቅ ያገኘው ከአራት ዓመት በኋላ ሞስኮ ላይ ነው። ሁሉም ግን እንደሱ ሁለተኛ ዕድል አላገኘም።

በኋላ ከጅማ ወጥቶ ድንበር የተሻገረው ስም የእግር ኳስ ክለቡ ጅማ አባ ጅፋር ነው። ክለቡ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ባደገበት ዓመት፣ በ2010 ዓ.ም.፣ የሊጉን ዋንጫ በላ። ስሙን የወሰደው ከዳግማዊ አባ ጅፋር ነው፤ ጂረን ላይ ቤተ መንግሥታቸው ያለው ንጉሥ። ለምኒልክ ገብረው፣ ሳይዋጉ፣ የግዛታቸውን የውስጥ አስተዳደር ያቆዩ ብልህ ተደራዳሪ ነበሩ። ክለቡ በአፍሪካ ቻምፒዮንስ ሊግ የጂቡቲ ቴሌኮምን አልፎ ከካይሮው ክለብ ከአል አህሊ ጋር ተገናኘ። በመጀመሪያው ጨዋታ 2 ለ 0 ተሸነፈ። በመልሱ 1 ለ 0 አሸነፈ። አል አህሊ አለፈ፤ የጅማን ስም ግን የካይሮ ሰው በዚያ ሰሞን ደጋግሞ መጥራት ነበረበት።