ስለ ኢንዴክስ ፈንድ ኦፕሽን የሚወራውና እውነታው

አሁን አሁን ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ ባሉት ካፌዎች ከቀኑ 10፡30 ሲሆን ማኪያቶውን አጠገቡ አስቀምጦ ስልኩ ላይ ቻርት የሚጠብቅ ወጣት አይጠፋም። የኒውዮርክ ገበያ የሚከፈተው በዚያ ሰዓት ነው። በእነሱ ክረምት ደግሞ 11፡30። ድሮ ወሬው ሁሉ ፎሬክስ ነበር፣ አሁን ኦፕሽን ሆኗል። በተለይ ስፓይ ላይ። ስፓይ ማለት ከጃንዋሪ 1993 ጀምሮ የሚገበያይ፣ የአሜሪካን ወደ 500 የሚጠጉ ትልልቅ ኩባንያዎች የአክሲዮን ዋጋ በአንድ ቁጥር የሚያሳየውን የኤስ ኤንድ ፒ 500 ኢንዴክስን ተከትሎ የሚሄድና እንደ አንድ አክሲዮን የሚገዛ የሚሸጥ ፈንድ ነው። ስለዚህ ነገር በየጠረጴዛውና በየቴሌግራም ቻናሉ የሚነገረው ግን ግማሹ ስህተት ነው። ስህተቱ ደግሞ ሰው በስንት ልፋት ያጠራቀመውን ገንዘብ ያስበላል፤ ዝም ብዬ ማለፍ ያልቻልኩትም ለዚህ ነው።

«ኦፕሽን ማለት በ1 ደቂቃ ውስጥ ይወጣል ወይስ ይወርዳል ብሎ መጫን ነው።»

አይደለም። እሱ ባይናሪ ኦፕሽን የሚባለው ነው። እዚህ ከተማ ብዙ ሰው ኦፕሽን ሲባል መጀመሪያ የሚመጣለት ይሄው አፕ ስለሆነ ሁለቱ ተደበላልቀዋል። በባይናሪው እናንተ ስትሸነፉ ገንዘቡ ብዙውን ጊዜ የሚገባው አፑን ላቀረበው ድርጅት ራሱ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በጁላይ 2018 ለተራ ደንበኛ እንዳይሸጥ ያገደውም በዋናነት በደንበኞች ላይ ባደረሰው ኪሳራ ነው። እኔ የማወራው ሌላ ነገር ነው። በአሜሪካ ከ1973 ጀምሮ በይፋ ገበያ የሚሸጥ ውል አለ። ኮል ከሆነ በተወሰነ ዋጋ እስከ ተወሰነ ቀን የመግዛት መብት ይሰጣችኋል፣ ፑት ከሆነ የመሸጥ። አንዱ ኮንትራት 100 የፈንዱን አክሲዮን ይወክላል። በገዢና በሻጭ መሃል የማጣሪያ ተቋም ቆሞ ውሉ መፈጸሙን ያረጋግጣል።

«ኢንዴክስ ስለሆነ ብዙም አያሰጋም።»

ይሄ ሰውን በጣም ያታልላል፣ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ፈንዱ ወደ 500 የሚጠጉ ትልልቅ ኩባንያዎችን ስለያዘ አንዱ ቢከስር ብዙ አይናወጥም። ኦፕሽኑ ግን ሌላ ነው። ፈንዱን ገዝታችሁ 2 ከመቶ ቢወርድ 2 ከመቶ አጣችሁ፤ ቁጭ ብላችሁ መጠበቅም ትችላላችሁ። ኮል ገዝታችሁ ፈንዱ እዚያው ባለበት ቢቆም እንኳ የከፈላችሁት ሙሉ በሙሉ ሊጠፋ ይችላል። የፈንዱ እርጋታ ወደ ኮንትራቱ አይተላለፍም።

«አቅጣጫውን ካወቅኩ ማትረፌ አይቀርም።»

እዚህ ላይ ቆም እንበል፣ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነውና።

ፈንዱ 600 ዶላር ነው እንበል። ይወጣል ብላችሁ አስባችኋል። በሳምንት ውስጥ የሚያልቅ፣ በ606 የመግዛት መብት የሚሰጥ ኮል በ2.50 ገዛችሁ። በ100 ሲባዛ 250 ዶላር ከፈላችሁ ማለት ነው። ያሰባችሁት ልክ ሆነና ፈንዱ በማለቂያው ቀን 607 ላይ ዘጋ። ከአንድ ከመቶ በላይ ወጥቷል፣ ለኢንዴክስ በሳምንት ቀላል አይደለም። በእጃችሁ ያለው ኮል ግን አሁን የሚያወጣው 1 ዶላር ብቻ ነው፣ በ100 ሲባዛ 100 ዶላር። 150 ዶላር ጠፋ። አቅጣጫውን አውቃችሁ ከከፈላችሁት 60 ከመቶው ሄደ። ለማትረፍ ፈንዱ ከ608.50 በላይ መዝጋት ነበረበት።

ነገሩ ቀብድን ይመስላል፤ ልዩነቱ፣ ይሄ ቀብድ ከዋጋው ላይ አይታሰብላችሁም፣ በየቀኑም እየሟሟ ይሄዳል። የሚሟሟበት ፍጥነት ደግሞ ማለቂያው ሲቃረብ ይጨምራል። በዚያው ቀን የሚያልቁት ኦፕሽኖች ርካሽ የሚመስሉትም ለዚህ ነው። ስፓይ ላይ ከ2022 ጀምሮ ገበያ ባለበት ቀን ሁሉ የሚያልቅ ኮንትራት አለ። 30 ዶላር ብቻ ነው ተብሎ ተገዝቶ ከመሸ በኋላ ዜሮ ሆኖ ይገኛል፣ በማግስቱም ሌላ ይገዛል።

ሌላም አለ። ገበያው ትልቅ ነገር ሲጠብቅ፣ ለምሳሌ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ወለድ የሚያሳውቅ ከሆነ፣ የኦፕሽን ዋጋ አስቀድሞ ያብጣል። ዜናው ሲወጣ እብጠቱ ይተነፍሳል። ፈንዱ እናንተ ባላችሁት አቅጣጫ ሄዶ ኮንትራታችሁ ሊቀንስ ይችላል ማለት ነው። ሲግናል፣ ማለትም «ይሄን ግዙ፣ ያንን ሽጡ» የሚል ጥቆማ፣ የሚሸጡ ቻናሎች ይሄን አይነግሯችሁም። «ኮል ግዙ» ይላሉ፣ ያበቃል። በስንት ተገዝቶ፣ እስከ መቼ ተይዞ የሚለው ነው ዋናው።

«እንግዲያው መሸጥ ይሻላል፤ 90 ከመቶው ኦፕሽን ከንቱ ሆኖ ነው የሚያልቀው።»

ይቺ ቁጥር ዓለምን ዞራለች፣ ግን ልክ አይደለችም። ብዙው ኮንትራት ማለቂያው ሳይደርስ ተሽጦ ወይም ተመልሶ ተገዝቶ ይዘጋል። ተግባር ላይ ያልዋለ ሁሉ ከንቱ ሆነ ማለት አይደለም። ሻጭ ማለት ክፍያ ተቀብሎ መብቱን ለገዢው የሰጠው፣ ሲጠየቅም ውሉን የመፈጸም ግዴታ ያለበት ነው። ብዙ ጊዜ በትንሹ ያተርፋል፣ እውነት ነው፤ ግን የሚያጣ ቀን በብዙ ነው። ያው 600 ላይ ያለ ፈንድ። የ590 ፑት ሸጣችሁ 150 ዶላር ተቀበላችሁ። ማርች 16 ቀን 2020 ኤስ ኤንድ ፒ 500 በአንድ ቀን 12 ከመቶ ገደማ ወርዷል። እንዲህ ያለ ቀን ቢመጣ ፈንዱ 528 ይሆናል፣ እናንተ ደግሞ በ590 የመግዛት ግዴታ ስላለባችሁ የተቀበላችሁት 150 ተቀንሶ እንኳ 6,050 ዶላር ትከስራላችሁ። መሸጥ የሚፈልግ ሰው ቢያንስ ዝቅ ያለ ፑት አብሮ ገዝቶ ኪሳራውን ይገደብ። ትርፉ ይቀንሳል። ይቀንስ።

«የፈንዱም የኢንዴክሱም ኦፕሽን ያው ነው።»

አንድ አይደለም። የኢንዴክሱ ኦፕሽን፣ ኤስፒኤክስ የሚባለው፣ በስፋቱ የስፓይን 10 እጥፍ ያህል ነው፣ በጥሬ ገንዘብ ይወራረዳል፣ ከማለቂያው በፊትም ማንም መብቱን ተግባራዊ ማድረግ አይችልም። ስፓይ ላይ ግን ገዢው በማንኛውም የገበያ ቀን መብቱን ሊጠቀም ይችላል፣ የሚረከቡትም እውነተኛ አክሲዮን ነው። ስፓይ በዓመት 4 ጊዜ የትርፍ ድርሻ ይከፍላል። ትርፍ ውስጥ የገባ፣ ማለትም የፈንዱ ዋጋ ከውሉ ዋጋ በላይ የሆነበት፣ ኮል ሸጣችሁ ከሆነ፣ ድርሻው ከመታሰቡ በፊት ባለው ምሽት ገዢው አክሲዮኑን ሊወስድባችሁ ይችላል። ጠዋት ስትነሡ አካውንቱ 100 አክሲዮን ሸጦ ታገኙታላችሁ፣ የትርፍ ድርሻውም ከእናንተ ኪስ ይከፈላል።

«እዚህም አክሲዮን ገበያ ተከፍቷል፣ እዚሁ እንነግዳለን።»

የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጃንዋሪ 2025 ሥራ ጀምሯል፤ መጀመሪያ የተመዘገበውም የወጋገን ባንክ አክሲዮን ነው። ኦፕሽን ግን የለውም። ብር ወደ ዶላር ቀይሮ ለዚህ ወደ ውጭ መላክም የብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ሕግ የሚመለከተው ነገር ነው። «ብሩን ለእኔ ስጡኝ፣ እኔ በዶላር አስገባላችኋለሁ» የሚላችሁን ሰው አትመኑ፤ ከገበያው በፊት እሱ ሊበላችሁ ይችላል።

«ሲያልቅ በራሱ ይጠፋል፣ ምንም ማድረግ የለብኝም።»

ከንቱ ከሆነ ይጠፋል። ግን በማለቂያው ቀን በ1 ሳንቲም እንኳ ትርፍ ውስጥ ከገባ በራሱ ተግባራዊ ይደረጋል። የ600 ኮል ከሆነ 100 አክሲዮን በ60,000 ዶላር ገዛችሁ ማለት ነው። አካውንታችሁ ላይ 400 ዶላር ቢኖርም። ብዙ ብሮከሮች (አካውንቱን የከፈቱላችሁ አገናኝ ድርጅቶች) ይሄን ፈርተው ከመዘጋቱ በፊት ራሳቸው ይሸጡባችኋል፣ ያውም በተገኘው ዋጋ። የሸጣችሁት ኮንትራት ካለ ደግሞ ይብሳል፤ ገበያው ከተዘጋ በኋላ ገዢው ለመወሰን በኒውዮርክ ሰዓት ከቀትር በኋላ እስከ 5፡30 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ጊዜ አለው፣ ያ እዚህ በእነሱ በጋ ከሌሊቱ 6፡30 ነው። ፈንዱ ስትራይኩ፣ ማለትም ውሉ ላይ የተጻፈው ዋጋ፣ አጠገብ እየዘለለ ከሆነ ኮንትራቱን ይዛችሁ አትተኙ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ሳያልፍ ዝጉት፣ የሚቀረው ጥቂት ሳንቲም ቢሆንም።