የዓባይ ጥንታዊ የድንጋይ ድልድዮችና የአካባቢው ትዝታ

ዓባይ ከጣና ከወጣ በኋላ ጎጃምንና ቤጌምድርን ለሁለት ከፍሎ ይወርዳል። በበጋ ውሃው ሲጎድል ሰውም ከብቱም በመልካው በእግሩ ይሻገራል። ክረምት ላይ ግን መንገዱ ይዘጋል። የማይቀር ጉዳይ የገጠመው ሰው በተነፋ ስልቻ ላይ ተኝቶ ወይም የዋናተኛ ጉልበት ተማምኖ ወንዙ ውስጥ ይገባ ነበር። ብዙው ሰው ግን ውሃው እስኪጎድል ይጠብቃል። ማዶ ያለ ዘመድ ቢሞት ለቅሶ አይደርስም። ነጋዴውም ጭነቱን ይዞ ይከርማል። የድሮዎቹ የድንጋይ ድልድዮች ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደነበሩ የሚገባን ይህን ስናስብ ነው።

የመጀመሪያው የአላታ ድልድይ ነው። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ ዝቅ ብሎ ይገኛል። በአፄ ሱስንዮስ ትእዛዝ እ.ኤ.አ. በ1626 ገደማ የተሠራ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የድንጋይ ድልድይ እንደሆነ ይነገርለታል። ቦታው በዘፈቀደ አልተመረጠም። ያ ሰፊ ወንዝ ከፏፏቴው በታች በጠባብ የአለት ስንጥቅ ውስጥ ተጨምቆ ያልፋል። ለግንበኛ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። በዘመኑ አገር ውስጥ የነበረው፣ ኢየሱሳውያን ከተባለው የካቶሊክ ማኅበር የመጣው ፖርቱጋላዊ ሚሲዮናዊ ማኑኤል ደ አልሜይዳ እንደጻፈው፣ ለኖራ የሚሆነው ድንጋይ የተገኘው እዚያው አቅራቢያ፣ በአላታ ወንዝ ዳር ነው። ሥራውን የመራው ደግሞ ከካቶሊኩ ፓትርያርክ ከአፎንሶ ሜንዴዝ ጋር ከሕንድ የመጣ ባለሙያ ነበር።

ድልድዩን ጠጋ ብሎ ላየው፣ ከትልቁ ቅስት ጎን ትንንሽ ቅስቶች አሉት። ክረምት ላይ ወንዙ ሲሞላ ትርፉ ውሃ በእነሱ በኩል ያልፋል። ግንቡ ወንዙን ደረቱን ሰጥቶ አይገፋውም፤ ያሳልፈዋል። ወደ አራት መቶ ዓመት የቆመበት አንዱ ምክንያት ይኼ ነው።

ስለ ጥንካሬው ሲጠየቅ የአካባቢው ሰው የሚያነሳው ግን እንቁላልን ነው። ኖራው በእንቁላል ተቦክቶ ነው ይላሉ። እርግጥ ኖራ ብቻውንም ቢሆን ከአየሩ ጋር እየተዋሐደ ዓመት በጨመረ ቁጥር ይጠነክራል። ቢሆንም የእንቁላሉን ወግ እወደዋለሁ፤ የዋዛ አድርጌም አላየውም። ጽሑፉ ንጉሡን፣ ፓትርያርኩንና ባለሙያውን ያነሳል። እንቁላሉ የሚመጣው ግን ከገበሬ ቤት ነው። ድንጋይ የተሸከመው፣ ኖራ ያቃጠለው፣ ስንቅ ያቀበለው ሕዝብ በታሪኩ ውስጥ የቀረው በዚህ ወግ በኩል ነው ብዬ አምናለሁ።

አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1630ዎቹ ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ። ግንባታው ግን አልቆመም። ሰባት የድንጋይ ድልድዮች እንዳሠሩ ይነገርላቸዋል። ከእነዚህ ሁሉ ስሙ የገነነው እ.ኤ.አ. በ1660 ገደማ ከሞጣ ወደ ቤጌምድር በሚያሻግረው መንገድ ላይ ያሠሩት የዓባይ ሁለተኛ ድልድይ ነው። ዛሬ ሰው የሚያውቀው ሰባራ ድልድይ በሚለው ስሙ ነው።

የሰበሩት አርበኞች ናቸው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ጠላት እንዳይሻገር መሃሉን አፈረሱት። ቅስቱ ሲናድ ከአፍራሾቹ አብረው ወንዙ ውስጥ የገቡ እንዳሉም ይወራል። ጠላት ከወጣ በኋላም ክፍተቱ ለአሥርተ ዓመታት እንደተከፈተ ቀረ። ሕዝቡ ግን መሻገሩን አልተወም። ተሻጋሪው ገመድ ብብቱ ሥር ይታሰራል። ወዲህና ወዲያ ባለው የግንቡ ጫፍ ላይ የቆሙ ጎረምሶች ገመዱን ወጥረው ይይዛሉ። ከዚያ አንዱ ወገን እያላላ ሌላው እየሳበ፣ ሰውዬው ከሚንደቀደቀው ውሃ በላይ ተንጠልጥሎ ያልፋል። የእህል ጆንያም የሚሻገረው በዚሁ መንገድ ነበር።

ይህን የሚያሳይ ፎቶ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ ያየ ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ የግንባታ ባለሙያ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለውን ድርጅት መሠረተ። በዓመቱ ክፍተቱ በብረት ተገጠመ። ብረቱን በኋላ ጎርፍ ወሰደው፤ በምትኩ በኬብል የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ።

አንድ የሚቆጨኝ ነገር አለ። አሮጌ የድንጋይ ድልድይ በተገኘ ቁጥር «የፖርቱጋል ድልድይ» ማለት ተለምዷል። ሰባራ ድልድይ የተሠራው ግን ኢየሱሳውያኑ ከወጡ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ሙያው አገር ውስጥ ባይቀር ኖሮ ማን ይገነባው ነበር? በደብረ ሊባኖስ አቅራቢያ ያለው፣ ጎብኚ ሁሉ የፖርቱጋል ብሎ የሚያውቀው ድልድይም የራስ ዳርጌ ሥራ እንደሆነ ይታመናል። እሳቸው ደግሞ የአፄ ምኒልክ አጎት ናቸው። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ማለት ነው።

አውሮፓዊ መሐንዲስ በእርግጥ የሠራው ሌላ አለ፤ በጎጃም የተምጫ ወንዝ ድልድይ። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጣሊያናዊውን አውጉስቶ ሳሊምቤኒን ቀጥረው ነው ያሠሩት።

አላታ ላይ ዛሬም ሰው ከነከብቱ ይሻገራል። እንዲህ ያለውን ግንብ የሚጎዳው ጎርፍ ብቻ አይደለም፤ በቅንነት የሚደረግ ጥገናም ይጎዳዋል። ኖራ ለስለስ ያለ ነው፤ እርጥበቱን ያስተነፍሳል። ስንጥቁ በሲሚንቶ ከተደፈነ ግን እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ድንጋዩን ከውስጥ ይበላዋል። ስለዚህ ጥገናው መጀመር ያለበት እንደ ጥንቱ ኖራ ከማቃጠል ነው።