«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ»፦ ትርጉሙ፣ አመጣጡ እና ለሽፋን የሚደገስ ሰርግ

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ነጠላ የምትሸጥ ሴት «ማርያምን! በኪሳራ ነው የምሰጥሽ» ትላለች። ገዢዋ ፈገግ ብላ «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» ብላ ትመልስላታለች። ሁለቱም ይስቃሉ፣ ዋጋው ትንሽ ወረድ ይላል፣ ይመራረቃሉ። አባባሉ ብዙ ጊዜ የሚሰማው እንዲህ ቀለል ያለ ቦታ ነው። እኔ ዛሬ የማነሳው ግን ከበድ ያለ ቦታ ላይ ነው።

ትርጉሙ አያስቸግርም። ሰው በአፉ ሌላ እየተናገረ ውስጡ ግን እውነቱን ሲያውቅ ይባላል። አፍ «ጠገብኩ» ይላል፣ ሆድ ግን ማታ ዶሮ እንዳለ ያውቃል። አነጋገሩን ልብ በሉት። «ሆድ ሲያውቅ» ይልና «ዶሮ ማታ» ብሎ ዝም ይላል። ማሰሪያ አንቀጽ የለውም። የቀረውን ሰሚው ራሱ ይሞላዋል። ስለ ድብቅ ነገር የተነገረ አባባል ራሱ ግማሹን መደበቁ ሁሌም ይገርመኛል።

አመጣጡን አያቴ እንዲህ ትተርክልን ነበር። አንዲት ሴት ለማታ ዶሮ ትሠራለች። ምሳ ላይ ያልታሰበች እንግዳ ከተፍ ትላለች። ሴትዮዋ ድስቱን ጓዳ ትከትና ሽሮ ታቀርባለች። ልጆቹ አንድ ሁለቴ ጎርሰው «ጠገብን» ብለው ይነሳሉ። እንግዳዋ «ምነው ልጆቼ፣ ብሉ እንጂ!» ትላለች። እናት «ተያቸው እቴ፣ ምሳ ላይ እንዲህ ናቸው» ትላለች። ልጆቹ ለማታ ቦታ መተዋቸው ነው። እንግዳዋ ሽሮዋን በልታ፣ ቤቱን መርቃ ትሄዳለች።

ለምን ዶሮ ሆነ? ዶሮ የበዓልና የእንግዳ ወጥ ስለሆነ ነው። 12 ብልት ወጥቶላት፣ ታጥባ፣ ተለፍቶባት የምትቀርብ ናት። ለእንግዳ የሚሠራውን ከእንግዳ መደበቅ ነውር ነው። ደግሞ ዶሮ ለመደበቅ አይመችም። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ብዙ ሰዓት ይቁላላል። የቁሌቱ ሽታ ከጓዳ ይወጣል፣ አጥር ይሻገራል፣ ሰፈሩን ያዳርሳል። ድስቱን መክደን ይቻላል፤ ሽታውን ግን ማን ይከድነዋል?

ሆድም ቢሆን በእኛ አማርኛ የምግብ ቦታ ብቻ አይደለም። ምስጢራችን የሚያድረው እዚያ ነው። ለምናምነው ሰው «የሆዴን ላጫውትህ» እንላለን። የማይነገር ሲሆን «ሆድ ይፍጀው»። ስናዝን ሆድ ይብሰናል። ባልና ሚስት ሲራራቁ «ሆድና ጀርባ ሆኑ» ይባላል።

ይቺን የመጨረሻዋን ያዙልኝ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ለራሱ ጾታ የሚሳብ ሰው ያንን ለመሸፈን ሲል የሚገባበት ትዳር አለ። እጮኝነትም ሊሆን ይችላል። ፈረንጆቹ «የላቬንደር ጋብቻ» ይሉታል፤ ላቬንደር ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ አበባ ነው። በአሜሪካ የፊልም ዓለም የታወቀ ነገር ነበር። ከ1921 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተዋንያን ውል ውስጥ የሥነ ምግባር አንቀጽ መግባት ጀመረ። ስሙ የጎደፈ ተዋናይ ሥራውን ሊያጣ ነው። ሮክ ሀድሰን የሚባለው ዝነኛ ተዋናይ በ1955 እ.ኤ.አ. የወኪሉን ጸሐፊ ፊሊስ ጌትስን አገባ። በ1958 ተፋቱ። እሱ በ1985 በኤድስ ሕመም ሞተ። ብዙዎች ጋብቻውን ለወሬ ማፈኛ የተሠራ ነው ሲሉ ኖረዋል። እሷ ግን በፍቅር እንዳገባችው ተናግራለች። የእሷን ቃል ሳነብ ትዝ ያለችኝ ሽሮዋን በልታ የመረቀችው እንግዳ ናት።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር መለየት ያስፈልጋል። ቻይናዎች ለየብቻ ስም አላቸው። ወንዱም ሴቷም ለየራሳቸው ጾታ የሚሳቡ ሆነው፣ ተነጋግረውና ተስማምተው፣ ለቤተሰብ ብለው ሲጋቡ «ሺንግሁን» ይሉታል፤ የወግ ጋብቻ እንደማለት ነው። ሳታውቅ እንዲህ ዓይነት ትዳር ውስጥ የገባችዋን ሚስት ደግሞ «ቶንግቺ» ይሏታል። በመጀመሪያው ቤት ሁለቱም ዶሮው የት እንዳለ ያውቃሉ። በሁለተኛው አንዷ ሽሮውን እራት ነው ብላ ቀርባለች። እኔን የሚያመኝ ይሄኛው ነው።

ግን ድስቱን የደበቀውስ ለምን ደበቀ? ይህን ሳልጠይቅ ማለፍ አልችልም። ጎንደር ውስጥ ጥር መቼም ታውቁታላችሁ። ታቦታቱ ከፋሲል መዋኛ ሲመለሱ የሰርጉ ጭፈራ ይቀጥላል። ዕድሜው ሠላሳን ያለፈ ወንድ በየሄደበት የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «መቼ ነው ሰርግህን የምንበላው?» እናት ዓይኗ ሳይዘጋ የልጅ ልጅ ማቀፍ ትፈልጋለች። እምነቱ አለ፣ ሰፈሩ አለ። ሕጉም አለ። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ከራስ ጾታ ጋር የሚፈጸም ግንኙነትን በቀላል እስራት ይቀጣል። ከዚያ በፊት የነበረውም ሕግ ይከለክል ነበር። ስለዚህ አንዳንዱ ሰው ሽማግሌ የሚልከው ሚስት ፈልጎ ሳይሆን መጠለያ ፈልጎ ነው። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፤ ይገባኛል። ግን መጠለያው ሌላ ሰው ነው። አንዲት ወጣት ሴት ናት፣ የራሷ ዕድሜ ያላት።

የቤተሰብ ሕጋችንም ነገሩን አውቆታል። የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አንቀጽ 13 በስህተት ስለተፈጸመ ጋብቻ ይደነግጋል። ከራሱ ጾታ ጋር ግንኙነት የመፈጸም ልማድ ያለውን ሰው ያንን ሳያውቁ ማግባትን ከመሠረታዊ ስህተቶች አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል። የተሳሳተው ወገን ጋብቻው እንዲፈርስ ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል። በወረቀት ሲታይ ቀላል ነው። ችሎት ፊት ቆሞ ያንን መናገር ግን ሌላ ነው።

የማውቃት አንዲት ሴት አለች። ስሟን አልጠራም። እሷንም እሱንም የሚያስለይ ነገር አልጽፍም። በጥር ተዳረች። ሽማግሌው፣ ጥሎሹ፣ ሚዜው፣ መልሱ፣ ሁሉም እንደ ወጉ ሆነ። ባሏ ደግ ሰው ነበር። ድምፁን ከፍ አድርጎባት አያውቅም። ስትታመም አጥሚት ሠርቶ ያጠጣት ነበር። ማታ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። እሷ ጀርባውን እያየች ታድራለች። አባባሉ ለጠብ ነበር የተፈጠረው፤ እነሱ ሳይጣሉ ሆድና ጀርባ ሆኑ።

ጥፋቱን ራሷ ላይ ፈለገች። «አስጠላሁት ይሆናል» አለች። ጸጉሯን ለወጠች፣ ሽቶ ገዛች። ጠበል ተጠመቀች። ሐኪም ዘንድ ሄደች፤ ምንም የለብሽም ተባለች። የባሏ ዘመዶች «ምነው ዝም አላችሁ፣ ወለድ ወለድ አድርጉ እንጂ» ይላሉ፣ እሱ አንገቱን ይደፋል፣ እሷ ትስቃለች። እንዲህ አራት ዓመት አለፈ።

አንድ ሌሊት ራሱ ነገራት። እያለቀሰ ነገራት። ልትሰድበው ፈልጋ ነበር፤ ሲንቀጠቀጥ ስታየው ጋቢውን አለበሰችው። በስምምነት ተፋቱ። ዘመድ «ምን አጣላችሁ?» ሲል «አልተስማማንም» ብላ ዘጋችው። ቢታወቅበት ምን እንደሚደርስበት ታውቃለች። ሰፈሩ ግን ክፍተት አይወድም፤ ምክንያቱን ራሱ ሞላው። «መካን ናት» ተባለች። ያንንም ዋጠችው። እሱ ይዞት የኖረው ነገር አሁን ከእሷ ሆድ ገባ።

አንድ ከሰዓት ቡና እያፈላችልኝ ሳለ ጠየቅኳት። «በአራት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አልጠረጠርሽም?» አልኳት። ጀበናዋን አስቀምጣ ቆየች።

«ቁሌቱማ ይሸተኝ ነበር እቴ» አለችኝ። «የጎረቤት መስሎኝ ነው።»