ስለ ክራፍትወርክ ደሴ ላይ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ ውስጥ በላፕቶፕ ሙዚቃ የሚያቀናብሩ ወጣቶች እየበዙ ነው። ስራቸውን ሲያሰሙ ግን ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ የሚያገኙት መልስ ያው ነው፦ «ይሄ እኮ የማሽን ነው፣ ሙዚቃ አይደለም።» ክርክሩ ሲጦፍ የጀርመኑ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ቡድን የክራፍትወርክ ስም ይነሳል። ቡድኑን ራልፍ ሁተር እና ፍሎሪያን ሽናይደር ናቸው እ.ኤ.አ. በ1970 ዱሰልዶርፍ ከተማ ውስጥ የመሰረቱት (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ የመጣው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ብዙ ነገር ወርሷቸዋል። ስለ እነሱ የሚወራው ሁሉ ግን እውነት አይደለም። ልጆቻችን በተሳሳተ ወሬ ሞራላቸው ሲነካ ማየት ደግሞ ያሳዝነኛል።

«ሙዚቃ ሳይችሉ በማሽን የገቡ ናቸው»

ሁለቱም ሙዚቃ የተማሩ ናቸው። የተዋወቁትም እዚያው ትምህርት ላይ ነው። ሽናይደር ፍሉት፣ ሁተር ኦርጋን ይጫወቱ ነበር። የመጀመሪያዎቹን አልበሞቻቸውን የሰማ ሰው ፍሉት፣ ኦርጋንና እውነተኛ ድራም ያገኛል። በ1974 የወጣው «አውቶባን» ላይ እንኳ ፍሉት አለ። ኤሌክትሮኒክሱ የመጣው ቀስ በቀስ ነው።

«መሣሪያው ራሱ ይጫወታል፣ ሰውየው ቁልፍ ነው የሚጫነው»

ይሄ ወሬ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ሰርግ ላይ አንድ ሰው ኦርጋኑን ዘርግቶ፣ ውስጡ ተጭኖ የመጣውን ምት ይለቅና በላዩ ላይ ዜማ ይጫወታል። ሰው ያንን ስላየ ሁሉም የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ እንደዚያ የሚሰራ ይመስለዋል።

ክራፍትወርክ ሲጀምሩ ግን የሚለቀቅ ዝግጁ ነገር አልነበረም። ሁተር የገዛው ሚኒሙግ የተባለው ሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥር ኪቦርድ) ዋጋው አንድ ቮልስዋገን ያክል ነበር። በአንድ ጊዜ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ሁለት ኖታ ባንድ ላይ ቢጫኑ እንኳ አንዱ ብቻ ነው የሚሰማው። ስለዚህ ኮርድ፣ ማለትም ባንድ ላይ የሚሰሙ ድምፆች፣ ከተፈለገ እያንዳንዱ ድምፅ ለየብቻው ተቀድቶ ይደራረባል። ድምፁም ቢሆን ተዘጋጅቶ የተቀመጠ አይደለም። ቁልፎቹን እያዞሩ መፈለግ ነው። የተገኘውን ድምፅ የሚያስቀምጥበት ሜሞሪ ስለሌለው፣ ነገ ያንኑ ድምፅ ለማግኘት የእያንዳንዱን ቁልፍ ቦታ ጽፎ መያዝ የግድ ነበር።

ድራሙን ደግሞ ራሳቸው ሰሩት። የብረት ሰሌዳዎች ተደርድረዋል፤ ተጫዋቹ ሽቦ የተያያዘበት የብረት ዘንግ ይዟል። ዘንጉ ሰሌዳውን ሲነካ የኤሌክትሪኩ መንገድ ይገናኝና የከበሮ ድምፅ ይወጣል። ነካ ካላደረገው ምንም አይሰማም። ምቱን የሚጠብቀው የሰው እጅ ነው ማለት ነው። ለዚህ ፈጠራቸው በ1977 አሜሪካ ውስጥ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) አግኝተዋል። ስለ ኮምፒዩተር የሚያወራው የ1981 አልበማቸው እንኳ የተሰራው ያለ ኮምፒዩተር ነው።

«ትልቅ ኩባንያ ነው የሰራቸው»

አይደለም። ክሊንግ ክላንግ የሚባል የራሳቸው ስቱዲዮ ነበራቸው። ሸክላውን ትልልቅ ኩባንያዎች ያከፋፍሉት ነበር፤ ምን እንደሚቀዳና መቼ እንዳለቀ የሚወስኑት ግን እነሱ ናቸው። «አውቶባን» የሚለው ዘፈን ከ22 ደቂቃ በላይ ይረዝማል። ስለ መኪና ጉዞ የተሰራ ሙዚቃ ስለሆነ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ እየወረዱ ቢሰሙት ደስ ይላል። ለሬዲዮ ተቆርጦ ሲወጣ በ1975 የአሜሪካ የነጠላ ዘፈኖች ሰንጠረዥ ላይ 25ኛ ደረጃ ደርሷል።

«ከምንም ተነስተው ነው» የሚለውም ልክ አይደለም። የሽናይደር አባት ስመ ጥር አርክቴክት ነበሩ፤ ቤተሰቡ የተቸገረ አልነበረም። አንድ የደሴ ልጅ ሳውንድ ካርድ ለመግዛት ስንት ወር እንደሚያጠራቅም እያወቅን «እነሱ የቻሉትን አንተ ለምን አቃተህ?» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

«የፈረንጅ ነገር ነው»

በ1982 ኒው ዮርክ ላይ ጥቁር አሜሪካዊው የሂፕሆፕ ሙዚቀኛ አፍሪካ ባምባታ «ፕላኔት ሮክ»ን ያወጣው የክራፍትወርክን ዜማና ምት ተንተርሶ ነው። ዲትሮይት ውስጥ ቴክኖ የተባለውን የኤሌክትሮኒክ የዳንስ ሙዚቃ የፈጠሩት ሁዋን አትኪንስ፣ ዴሪክ ሜይ እና ኬቨን ሳውንደርሰን ሦስቱም ጥቁሮች ናቸው። የእኛም ሰው አለበት። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር አዋህዶ አልበም ሰርቷል። አልበሙ በ2013 ዳግም ታትሞ በዓለም ዙሪያ ተሰምቷል። ከዚያ በኋላ የመጡት አቀናባሪዎች፣ እንደገና ሙሉ እና ሚካኤል ሰይፉም፣ የአገራችንን የሙዚቃ መሣሪያዎች ድምፅ ከኤሌክትሮኒክ ምት ጋር እያገናኙ ሰርተዋል።

«ቅኝት በኮምፒዩተር አይሆንም»

ወሎ ላይ በጣም የሚያነጋግረው ይሄ ነው። ቢያነጋግርም አይገርምም፤ ባቲም አምባሰልም የእኛው ቀዬ ስሞች ናቸው። የሽማግሌዎቹ ቅሬታ እውነት አለው። የኪቦርዱ ድምፆች ቦታቸው የተወሰነ ነው። ማሲንቆ ግን ጣት የሚያርፍበት ፍሬት የለውም፣ ተጫዋቹ ከድምፅ ወደ ድምፅ ይንሸራተታል። ከሲ ብንነሳ አምባሰል ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ እና ኤ ፍላት ነው። አምስቱንም ኪቦርድ ላይ ማንም ያገኛቸዋል። ከሲ ወደ ዲ ፍላት ስትሄድ መሃል ላይ ያለችው መጎተት ግን አትገኝም። አምባሰልን አምባሰል የምታደርገው እሷ ናት።

ከዚህ ተነስቶ «አይሆንም» ማለት ግን ስህተት ነው። ያ የጥንቱ ሚኒሙግ እንኳ በግራ በኩል ድምፅ የሚያጎብጥ ጎማ አለው። አንዱን ድምፅ ወደ ሌላው የሚያንሸራትት ቁልፍም አለው። አሁን ያሉት ሶፍትዌሮች ደግሞ እያንዳንዱን ኖታ ለብቻው ከፍ ዝቅ አድርጎ ለመቃኘት ያስችላሉ። የሚጎድለው ጆሮ ነው። ማሲንቆ ደጋግሞ ያልሰማ ልጅ ጎማውን የት ላይ ማቆም እንዳለበት አያውቅም። ስለዚህ ማሲንቆ የሚጫወት ሰው አጠገብ ቁጭ ብሎ፣ አንዷን ሐረግ ቀድቶ፣ እሷን እስኪመስል ድረስ በጎማው መልመድ ነው። አሰልቺ ስራ ነው፣ ውጤቱ ግን ወዲያው ይሰማል።

«ሁለት ሴኮንድ ብትወስድ ማን ይጠይቅሃል?»

ክራፍትወርክ ጠይቀዋል። በ1977 ከሰሩት ሙዚቃ ሁለት ሴኮንድ ያህል ምት ተወስዶ በ1997 በወጣ የጀርመን ራፕ ዘፈን ውስጥ እየተደጋገመ ገባ። ክሱ ከ20 ዓመት በላይ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ተንከራተተ። በ2019 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት፣ የተወሰደው ድምፅ አጭርም ቢሆን ጆሮ የሚለየው ከሆነ የቅጂው ባለቤት መከልከል እንደሚችል ወሰነ።

የእኛም አገር የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይሄኛው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) ለከዋኙም ድምፁን ለቀዳው አሳታሚም መብት ይሰጣል። ከድሮ ካሴት ላይ አንዲት የማሲንቆ ሐረግ ቆርጠህ ቢትህ ውስጥ ስትከት ዜማው የሕዝብ ሊሆን ይችላል፣ ቅጂው ግን ባለቤት አለው። ካሴቱን ከመንካት የሚሻለው ማሲንቆ ተጫዋቹን ስቱዲዮ ጠርቶ፣ ከፍሎና በወረቀት ተስማምቶ አዲስ መቅዳት ነው።