የቲክቶክ ዳይመንድ ምንድን ነው? አንበሳው ኪስ ሲገባ ስንት ይሆናል?

ሌሊት ስድስት ሰዓት አልፏል። ቲክቶክ ላይቭ፣ ማለትም የቀጥታ ስርጭት፣ እያየሁ ነው። የስልኬ ስክሪን ለሁለት ተከፍሏል፤ በአንድ በኩል አንዲት ልጅ፣ በሌላው አንድ ጎረምሳ። ከላይ ሮዝና ሰማያዊ መስመር እየተገፋፋ ነው። «ቤተሰብ፣ ታፕ ታፕ አድርጉልኝ! አንድ ደቂቃ ነው የቀረን! ኧረ ዝም አትበሉ!» ትላለች ልጅቷ፤ ድምጿ ሻክሯል። ድንገት አንበሳ ስክሪኑን ሞልቶ አገሳ። ልጅቷ ከወንበሯ ብድግ ብላ የላኪውን ስም እየደጋገመች ጮኸች። ኮሜንት ላይ ያለው ሰው «በላች!» አለ።

ስንት በላች? ዳይመንድ የሚባለው ነገር የሚመጣው እዚህ ጋ ነው።

ሰው ሁሉንም «ጊፍት» ብሎ ያልፈዋል እንጂ ነገሩ ሦስት ስም አለው። ላኪው በገንዘቡ የሚገዛው ኮይን ነው። በኮይኑ መርጦ የሚልከው ሥዕል፣ ማለትም ጽጌረዳው፣ ጋላክሲው፣ አንበሳው፣ ጊፍት ይባላል። ተቀባዩ ጋ ሲደርስ ደግሞ ጊፍቱ ወደ ዳይመንድ ይለወጣል። ዶላር ሆኖ የሚወጣው ይሄ የመጨረሻው ነው። ቲክቶክ ዳይመንድን የሚቆጥረው ከካዝናው ለክሬተሩ፣ ማለትም ላይቭ ለገባው ወይም ቪዲዮ ለሚሠራው ሰው፣ እንደሚሰጠው ክፍያ ነው፤ ስለዚህ ላኪው በቀጥታ ለልጅቷ ብር ላከ ማለት አይደለም። ኮይን ገዛ፣ አለቀ።

እስቲ እናስላው። ጽጌረዳ 1 ኮይን ነው፣ አንበሳ 29,999። ኮይን ዋጋው እንደየአገሩ ይለያያል፤ አሜሪካ ሆኖ በስልክ የሚገዛ ሰው ለአንበሳው 400 ዶላር ገደማ ያወጣል። ከዚህ ላይ መጀመሪያ አፑ የተጫነበት ስቶር የራሱን ይወስዳል፤ ትልልቆቹ ስቶሮች በተለምዶ እስከ 30 በመቶ ይቆርጣሉ። (ኮይን በዌብሳይት ሲገዛ የሚረክሰው ለዚህ ነው። አዘውትረው የሚልኩ ሰዎች ይሄን ሳያውቁ መቅረታቸው ይገርመኛል።) ከተረፈው ላይ ደግሞ ቲክቶክ ግማሽ ያህሉን ያስቀራል። እንግዲህ ያ ያገሳው አንበሳ ልጅቷ ጋ ሲደርስ 140 ወይም 150 ዶላር ቢሆን ነው። አንድ ጽጌረዳ ደግሞ ከአሜሪካ ሳንቲም ግማሿ።

ይሄን ሌሎችም ሞክረው አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ2022 ቢቢሲ ሰሜን ምዕራብ ሶርያ መጠለያ ውስጥ ሆነው በላይቭ ስለሚለምኑ ቤተሰቦች ሲመረምር፣ ጋዜጠኛው ከለንደን 106 ዶላር የሚያወጣ ጊፍት ላከ። ሶርያ ውስጥ ለሙከራ የተከፈተው አካውንት ላይ የታየው 33 ዶላር ነበር። ገንዘቡን የሚያወጣው ሱቅ 10 በመቶ ቆረጠ። ስልኩን የሚያቀርበው ደላላ ድርሻ 35 በመቶ ነው። ለቤተሰቡ የሚተርፈው 19 ዶላር ሆነ። ቲክቶክ የኔ ድርሻ ከ70 በመቶ በጣም ያነሰ ነው ብሎ መለሰ፤ ልኩን ግን አልተናገረም።

ታዲያ የእኛ ልጆች ለምን ሌሊቱን ሙሉ ላይቭ ላይ ያድራሉ? ቪዲዮ ለቅቀው በእይታ አይከፈላቸውም? አይከፈላቸውም። ቲክቶክ ለእይታ የሚከፍልበት ፕሮግራም አለው፤ ክሬተር ሪዋርድስ ይባላል። 18 ዓመት የሞላው፣ 10,000 ተከታይ ያለው፣ በ30 ቀን ውስጥ 100,000 እይታ ያገኘ ሰው ከአንድ ደቂቃ በላይ በሆነ የራሱ ቪዲዮ ይከፈለዋል። ግን እንደ አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ጀርመን፣ ፈረንሳይና ጃፓን ባሉ ጥቂት አገሮች ለሚኖር ነው። ኢትዮጵያ ዝርዝሩ ውስጥ የለችም። አዲስ አበባ ተቀምጦ ሚሊዮን እይታ ያገኘ ልጅ ከእይታው ሰባራ ሳንቲም አያገኝም። የሚቀረው ወይ የሱቅና የቤት ሽያጭ ማስታወቂያ መሥራት ነው፣ ወይ ላይቭ። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ 100 ዶላር ከ10,000 ብር በላይ ነው፤ የተቆራረጠውም ዳይመንድ ቢሆን ከደመወዝ ጋር ሲወዳደር ያጓጓል።

መጀመሪያ ላይ ያየነው፣ ሁለት ሰው ስክሪን ተካፍሎ የሚገጥምበት፣ ባትል የሚባለው ጨዋታ ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። አዝማሪ ቤት ገብታችሁ የምታውቁ ከሆነ አዲስ አይሆንባችሁም። አንዱ ብር አውጥቶ አዝማሪው ግንባር ላይ ይለጥፋል። አዝማሪው ወዲያው ስሙን አንስቶ ግጥም ይደረድርለታል። ጎን ያለው ጠረጴዛ ይሄን አይቶ ዝም አይልም፣ ደረብ አድርጎ ያወጣል። ባትል ያንን በአምስት ደቂቃ ሰዓት ቆጣሪ አስሮ ያመጣዋል። የተላከው ኮይን ነጥብ ይሆናል፤ ታፕ ታፑም፣ ማለትም ተመልካቹ ስክሪኑን መነካካቱ፣ ትንሽ ይጨምራል፣ ግን በታፕ ብቻ ማሸነፍ ይከብዳል። የተሸነፈው ዱቄት ይቀባል፣ ወይም በእንብርክክ ይሄዳል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የተሸነፈውም የተላከለትን አያጣም። ለእሱ የመጣው ጊፍት ዳይመንዱ ይቆጠርለታል። እንዲህ ከሆነ ባትል ላይ በገንዘብ የሚከስረው ማነው? ሁለቱም ተጋጣሚዎች አገኙ፣ ቲክቶክም አገኘ። የከፈለው ላኪው ብቻ ነው። ላይቭ የምትገባ አንዲት ጓደኛዬ «የማልወደው ሰው ጋ ስገጥም ነው ደህና የሚገባልኝ፤ ሰው ይናደድና ይልካል» ትለኛለች። ተጋጣሚዋ ጋ ግን ቀድመው በቴሌግራም ተነጋግረው ነው የሚገቡት።

የአክስቴ ልጅ ሪያድ ናት፣ ሰው ቤት ነው የምትሠራው። አንበሳ ልካ አታውቅም፤ አንበሳ በእሷ ሒሳብ 1,500 ሪያል ነው። ጋላክሲ ግን ለዚያችው ልጅ ትልካለች፣ 1,000 ኮይን፣ ወደ 50 ሪያል። ባለፈው ስንደዋወል ይሄን ሁሉ ስሌት ቁጭ ብዬ አስረዳኋት። ልጅቷን መርዳት ከፈለግሽ በባንክ ብትልኪላት እኮ ከሞላ ጎደል ሙሉው ይደርሳታል አልኳት።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «በባንክ ስልክላት ግን ስሜን አትጠራኝም። እዚህ ቤት ስሜን የሚጠራኝ ሰው የለም፤ በሌላ ስም ነው የሚጠሩኝ።»

ምን እንደምላት ጠፋኝ። በማግስቱ ሌሊት ላይቩ ውስጥ ገባሁ። ልጅቷ ባትል ላይ ነበረች። ከላይ ከተደረደሩት ሦስት ላኪዎች ሦስተኛዋ የአክስቴ ልጅ ናት።